በሩ ክፍት ነው፤ ማመልከቻዎ ግን አልተሟላም

ለኮሌጁ የተማሪዎች ቅበላና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት
ለፋይናንሻል ኤይድ ክፍል
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ «አልተሟላም» እየተባሉ ስለሚመለሱ አመልካቾች

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

በአማርኛ ስጽፍላችሁ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። በዋናው ሕንፃችሁ መግቢያ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ በላይ፣ በብዙ ቋንቋ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከላይ ሦስተኛው መስመር አማርኛ ነው። በዚያ ሰላምታ ተማምኜ ነው። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ባለፈው ሳምንት በእጄ አድርሻለሁ። ይህኛውን ደግሞ ጉዳዩ የሚነካቸው ወገኖቼም ያነቡታል።

እኔም የእናንተው ተማሪ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአዲስ አበባ መጥቼ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ቀን የሰው መኪና ሳቆም እውልና ማታ በአውቶቡስ እናንተ ዘንድ እመጣለሁ። የተመዘገብኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ቅጹን ሰጡኝ፤ ያልገባኝን እያስረዱ አብረውኝ ሞሉት፤ በሳምንቱ ክፍል ገባሁ። አካውንቲንግ ተማርኩ። ልጆቼን ያሳደግሁት ከዚያ ክፍል ባገኘሁት ሙያ ነው። የኮሌጃችሁን ስም ሰው ሲያነሣ ደረቴን የምነፋ ሰው መሆኔን ያዙልኝና ቅሬታዬን ስሙኝ።

ላለፉት ስድስት ዓመታት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አንድ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። እናቶች ወዲያ ማዶ ሽሮ ያሞቃሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ አዲስ መጤዎች የእናንተን ማመልከቻ እንዲሞሉ አግዛለሁ። ኮሌጃችሁ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዕድሜው የደረሰና መማር የሚችል ሰው ሁሉ ይገባል። ይህን እኔው ራሴ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ። እውነትም በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም «አልተቀበልንህም» የሚል ደብዳቤ አላየሁም። ያየሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «ማመልከቻዎ አልተሟላም»።

መጀመሪያ ላይ ይህ ቃል የዋህ መስሎኝ ነበር። የጎደለውን ታመጣለህ፣ ይሞላልሃል። ቆይቶ ነው የገባኝ። «አልተቀበልንህም» ያለ መሥሪያ ቤት ምክንያት ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ቅር ያለው ሰውም ይግባኝ የሚልበት ቦታ ይኖረዋል። «አልተሟላም» ግን የውሳኔ ስም የለውም፤ ስለዚህ ይግባኝም የለውም። አንዱን ወረቀት ስታመጣ ሌላው ጎድሏል ይባላል፤ እሱን ስታመጣ ሰሚስተሩ ተጀምሯል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሁሉም ሠራተኛ ፈገግ ብሎ እያስተናገደህ ዓመት ያልፋል።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ ላንሣ። ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ አይደለም፤ ከመጀመሪያው በቀር እያንዳንዱን መስኮት አብሬያት ስለቆምኩበት ነው። ትውልዷ ሰሜን ወሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዲቪ ሎተሪ መጣች። ሌሊት ሌሊት አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች ትጠብቃቸዋለች፤ ፍላጎቷ ነርስ መሆን ነው። ከመጣች በጥቂት ወር ውስጥ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ብቻዋን እናንተ ዘንድ ሄደች። የመቀበያው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቃት፦ «የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አለሽ?»

«የለኝም» አለች።

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ዲፕሎማ ከኮሌጅ የሚገኝ ነገር ነው። 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሰርተፍኬትና ትራንስክሪፕት ይይዛል፤ ዲፕሎማ አለኝ ቢል ዋሸ ይባላል። ልጅቱ ያላትን ሰርተፍኬት በፕላስቲክ ክላሰር ይዛ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የለኝም ብላ ተመለሰች። ሠራተኛውም የሰማውን መዘገበ። ፋይሏ ላይ «ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቀች» ተብሎ ገባ፤ የሁለተኛ ደረጃ አቻ የሆነውን ጂኢዲን እንድትማር አንድ ብሮሹር ተሰጣት። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተፈትና የመጣች ልጅ!

«ለመግባት ዲፕሎማ ግዴታ አይደለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ያለ ዲፕሎማ ወይም ያለ አቻው ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ርዳታ የለም፤ ፔል ግራንት ከሌለ ደግሞ በሰዓት ተከፍሏት ሌሊት የምትሠራ ልጅ በምን ትከፍላለች? እኔ በገባሁበት ዘመን ዲፕሎማ የሌለው ሰው የችሎታ ፈተና ወስዶ ርዳታ ያገኝ ነበር። ኮንግረስ ያንን ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ዘጋው፤ ኋላም የመለሰው በከፊል ነው። በዚህ እናንተን አልወቅስም። የምለው፣ ያ በር ከተዘጋ ወዲህ «ዲፕሎማ» የምትለው አንዲት ቃል በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የምታስገኝ ወይም የምታሳጣ ሆናለችና ጠያቂው ምን እየጠየቀ እንደሆነ ይወቅ ነው።

ያችን «የለኝም» ለማስተካከል አራት ወር ፈጀብን። በሁለተኛው ቀጠሮ አብሬያት ሄድኩ። ሌላ ሠራተኛ ነበረች፤ ትሁት ናት፣ አልዋሽም። ሰርተፍኬቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ፓስፖርቱ ላይ የትውልድ ዘመን 2000 ይላል። ሰርተፍኬቱ ላይ 2010 ይላል። እርሳሷን ሁለቱ ቁጥሮች ላይ አመላለሰችና ቀና ብላ «በአሥር ዓመትሽ ነው ሁለተኛ ደረጃ የጨረስሽው?» አለቻት። የእህቴ ልጅ ሳቀች። ሴትዮዋ አልሳቀችም። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከናንተው በሰባትና በስምንት ዓመት ወደኋላ እንደሚቀር፣ የእኛ 2010 የክረምቱ ወራት በናንተ 2018 እንደሆነ፣ ከቁጥሩ አጠገብ የታተሙት «ኢ.ሲ.» የሚሉት ሁለት ፊደላትም ይህንኑ እንደሚሉ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ «እኔ ይህን የመወሰን ሥልጣን የለኝም» ብላ ፋይሉን አጠራጣሪ ሰነድ ወደሚታይበት ክፍል መራችው። እዚያ ደግሞ የአባቷ ስም ሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» መጻፉ ተገኘ። የኛ ፊደል በላቲን ሲገለበጥ እንደ ጸሐፊው እጅ ነው፤ ቀበሌ አንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ትምህርት ቤት ሌላ፣ ኢሚግሬሽን ሌላ። የአያት ስምን የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ ስትጠሩን ዞር የማንለውም ስማችን ስላልሆነ ነው። ይህኛው እንኳ ሲያስቅ ይኖራል።

የማያስቀው የታሸገው ፖስታ ነው። ሰርተፍኬቱ በሷ እጅ ስለመጣ አይበቃም፤ ትምህርት ቤቷ ትራንስክሪፕቱን በፖስታ አሽጎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ለሚገመግም ድርጅት በቀጥታ ይላክ ተባለ። ለግምገማው ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ እሱን እኔ እችላለሁ። ነገር ግን የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ያ ትምህርት ቤት ተዘርፏል። በስንት ጥሪ ርእሰ መምህሩን በስልክ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣» አሉኝ፣ «እንኳን መዝገቡ፣ መዝገቡ የነበረበት መደርደሪያ የለም። ለተማሪ መቀመጫ ድንጋይ ነው የደረደርነው።» ይህን ተርጉሜ፣ ፈርሜ፣ ከዋናው ሰርተፍኬት ቅጂ ጋር አያይዤ ለጽሕፈት ቤታችሁ ላክሁ። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ አንድ መስመር ነው። አልተሟላም።

እዚህ ላይ ነው በእውነት የከፋኝ፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ዲቪ የደረሰው ሰው ቪዛ የሚያገኘው ከሁለት አንዱን ሲያሟላ ነው፤ ወይ የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት መጨረሱን ያሳያል፣ ወይ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት መሥራቱን ያሳያል። ይህች ልጅ አንድም ቀን ተቀጥራ አታውቅም ነበር። የገባችው በዚያው ሰርተፍኬት ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ቆንስል ያንኑ ወረቀት አገላብጦ አየ፣ ጠየቃት፣ አመነ፣ ቪዛ ሰጣት። ግሪን ካርዷ ላይ «ዲቪ1» የሚል ምድብ ታትሟል፤ ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ምስክር ነው። ፔል ግራንቱን የሚከፍለውም ያው የፌዴራል መንግሥት ነው። አንድ መንግሥት ውቅያኖስ አሻግሮ ያስገባበትን ወረቀት፣ ማንንም አልመልስም የሚል የሰፈር ኮሌጅ ሲጠራጠረው ምን ይባላል?

ሐሰተኛ ሰነድ የለም ብዬ አልከራከርም። አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም መንግሥት የገዛ ሠራተኞቹን የትምህርት ማስረጃ እስከ ማጣራት ደርሷል። ጥርጣሬያችሁ ይገባኛል። ግን የሚያጣራ ሰው ያጣራና ይወስናል፤ ልክ ነው ይላል ወይም ልክ አይደለም ይላል። እናንተ ዘንድ ያየሁት ማጣራት ወረቀቱን ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ማዛወር ነው።

ሌላው የመኖሪያ ማስረጃ ነው። እንደ ካውንቲው ነዋሪ ለመክፈል ቢያንስ ሦስት ወር እዚህ መኖርን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያላስረዳ ከሌላ ስቴት እንደመጣ ተቆጥሮ ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ኮሌጁን በግብሩ የሚደጉመው የካውንቲው ነዋሪ ነው። የምትቀበሏቸው ማስረጃዎች ግን የኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል፣ የስቴት የግብር ወረቀት ናቸው። አዲስ የመጣ ሐበሻ እንዴት እንደሚኖር ልንገራችሁ። ቤዝመንት ነው። ሦስት ልጆች ሁለት ክፍል ይጋራሉ፤ ኪራዩ በየወሩ መጀመሪያ በስልክ፣ በዜል ይላካል፤ ውል የለም፣ መብራቱ በባለቤቱ ስም ነው፣ ግብር የሚያስገቡት ደግሞ በመጪው ሚያዝያ ነው። አከራይዋ ደብዳቤ ጽፋ ኖተራይዝ እንድታደርግ ስትጠየቅ ትሸሻለች፤ ቤዝመንቱን ለማከራየት ፈቃድ አላወጣችም፣ ገቢውንም ለግብር አላሳወቀችም። በዚህ ጥፋቱ የእኛ የራሳችን ነው። ቅጣቱን የምትቀበለው ግን ተከራይዋ ልጅ ናት። በዚሁ ካውንቲ ለአሥራ አንድ ወር በየሁለት ሳምንቱ ደሞዝ የተቆረጠላት፣ የባንክ ደብዳቤ በዚያው አድራሻ የሚደርሳት፣ የሜሪላንድ መታወቂያ የያዘች ልጅ፣ የሌላ ስቴት ሰው ተብላ ዋጋ ተጠየቀች።

ስለ እንግሊዝኛ ምደባ ፈተና ብዙ አልልም፤ የእህቴ ልጅ አንድ ደረጃ ማጠናከሪያ ያስፈልጋት ነበር፣ አልክድም። የተወሰነባት ሦስት ደረጃ ግን አያስፈልጋትም ነበር። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ማንም አልጠየቃትም፤ አንድ ጠዋት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ከሌሊት ሥራ እንደወጣች፣ እንቅልፍ እያዳፋት የነካካችው ቁልፍ ወሰነባት። ፔል ግራንት ለሕይወት ዘመን አሥራ ሁለት ሰሚስተር ብቻ መሆኑን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በርዳታው እየተከፈለ በማጠናከሪያ ያለፈ እያንዳንዱ ሰሚስተር ከዚያው ላይ የሚቀነስ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ ተማሪን ሲመድቡ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቱን እንዲመለከቱ አስገድዳለች። እናንተ ይህን ለማድረግ ሕግ መጠበቅ የለባችሁም። ትራንስክሪፕቱን ማንበብ ይበቃል፤ መጀመሪያ ከተቀበላችሁት ማለቴ ነው።

ሁሉም ደግሞ የሚያመላልሰው ዘመድ የለውም። ባሕር ዳር ፊዚክስ ያስተምር የነበረ አንድ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ አራት እሁድ መጥቷል። የመጀመሪያው እሁድ ስለ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ፕሮግራማችሁ ሲያወራኝ ኤክስሬይ እንዴት እንደሚፈጠር በናፕኪን ላይ ሥሎ አስረዳኝ። በአራተኛው እሁድ ስልኩን አውጥቶ «አልተሟላም» የሚለውን መልእክት ሦስት ጊዜ አሳየኝ፤ ቀኖቹ ብቻ ይለያያሉ። አምስተኛው እሁድ አልመጣም። አሁን ኡበር ይነዳል፤ ባለፈው ወር በአጋጣሚ እኔኑ ከአየር ማረፊያ አመጣኝ። ስለ ኮሌጁ አላነሣም፤ እኔም አፍሬ አላነሣሁበትም። በናንተ መዝገብ ይህ ሰው ተከልክሎ አያውቅም።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልናገር፤ አዲስ በጀት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የመጀመሪያውና ትልቁ፣ «አልተሟላም» የሚለው ደብዳቤ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘርዝር፤ የጻፈው ሠራተኛ ስም ይኑረው፤ አመልካቹ ያንን ሰነድ ማግኘት የማይችል ከሆነ ለማን አቤት እንደሚል ይንገረው። አቤቱታውም ሰሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት መልስ ያግኝ። ከጀመረ በኋላ የሚመጣ «እሺ» ለኛ «እምቢ» ነው።

ትምህርት ቤቱ ለፈረሰበት፣ መዝገቡ ለተቃጠለበት ሰው የታሸገ ፖስታ መጠየቅ ይቅር። ዋናውን ሰነድ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ከተረጋገጠ ትርጉምና ከአመልካቹ የፊርማ ቃል ጋር ተቀበሉ። በትምህርቱ ዲቪ ያገኘ ሰው ሲሆን ደግሞ ቆንስላው ያየውን እንደ አንድ ማስረጃ ቁጠሩለት። ለመኖሪያም የደሞዝ ወረቀት፣ የባንክ ደብዳቤና የአሠሪ ማረጋገጫ ከቢሉ ጎን ቦታ ይሰጣቸው። ቢል ያለው ቤት ያለው ሰው ነው።

መስኮት ላይ ለሚቀመጡ ሠራተኞቻችሁም አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። «ዲፕሎማ አለሽ?» ከማለት «12ኛ ክፍል ጨርሰሻል?» ማለት፤ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ አንድ አንቀጽ፤ ስለ ስማችን አንድ አንቀጽ። ይህን ገጽ እኔ በነጻ እጽፍላችኋለሁ። እንዲያውም ጽፌዋለሁ፤ ከእንግሊዝኛው ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ለወገኖቼ ደግሞ አንድ ቃል። 12ኛ የጨረሳችሁ ሁሉ፣ ፈረንጅ «ሃይ ስኩል ዲፕሎማ» ሲል የናንተኑ ሰርተፍኬት ማለቱ ነውና አለኝ በሉ፤ ውሸት አይሆንባችሁም። ቤዝመንት የምታከራዩ እኅቶቼና ወንድሞቼም ፈቃዱን አውጡ፣ ለልጆቹ ውል ስጧቸው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አጠገቤ ቁጭ ብለው ቅጽ የሞሉልኝ ሴትዮ ያን ቀን የጣሱት ደንብ አልነበረም። የነበራቸው ሥልጣንም ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ ከተቀመጠው ሠራተኛ የበለጠ አይመስለኝም። ያላወቁትን ጠየቁኝ፤ ስመልስላቸው አመኑኝ።

የእህቴ ልጅ ለመጪው ሰሚስተር እንደገና አመልክታለች፤ አራተኛዋ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ቀጠሮ አላት። ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ ትመጣለች፤ ሰርተፍኬቷም በዚያው ክላሰር ውስጥ ነው። እኔም አብሬያት እገኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ከቀድሞ ተማሪዎቻችሁ አንዱ